የጾሟ ጣሳ

ቤተ ክርስቲያን የራቀው ሰፈር አለ፤ ወፍጮ ቤት የሌለውም አለ። የደረቀ ክርንህን ከመንገድ ማዶ አይታ ለሟች ያህል ከንፈር የምትመጥጥልህ ሴት የሌለችበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተሠራም።

ለነፋስ ስልክ የደረሱት ክብርት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው፤ በክርን፣ በተረከዝና በጉልበት ላይ ባለሙሉ ሥልጣን። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም። ጎረቤታቸው ወጋየሁ መካኒኩ ይህን ጥያቄ ሲበላም ሲተኛም ያነሳዋል፦ "ማን ሾማቸው?"

ነገሩ የተጀመረው ብስራተ ገብርኤል ነው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ እዚያ አንዲት ፈረንጅ ቤት ብዙ ዘመን አገልግለዋል። ፈረንጇ ወደ አገሯ ስትመለስ ከቤቴ የወደድሽውን ውሰጂ ብትላቸው፣ ፍሪጅ ቆሞ፣ ምንጣፍ ተዘርግቶ፣ ቴፕ እየዘፈነ፣ እሳቸው የመረጡት በጣሳ የተተከለች አንዲት ቡቃያ ነበር። ስሟ ላቬንደር ነው። እሳቸው "ላብ እንደር" ይሏታል። ወጋየሁ እንደር ማለት ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብለው፣ "ላቡ አማርኛ ነው፤ እንደሩ ፈረንጅኛ ነው" አሉት።

ቡቃያዋን አጥር በሌለው በሁለቱ ቤቶች ወሰን ላይ ተከሏት። እሷም ውለታ አልረሳችም፤ ተንዠረገገች። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ያ የሐምራዊ አበባ ጠረን፣ ድሮ ያፈቀሩትን ሰው ስም እንደሚያንጎራጉር ዘፈን፣ ሳይጠሩት በመስኮት ይገባል። ወጋየሁን ያናደደውም ይኸው ነው። በገዛ ቤቱ!

ወይዘሮዋ አበባውን ጥላ ላይ በሰፌድ ያደርቁታል፤ በዘይት ዘፍዝፈው ፀሐይ ያስመቱታል፤ በሰም ያረጉታል። የሳሙና ቁርጥራጭ አቅልጠው ከአበባው ጋር እንደገና ይጋግሩታል። የተረፈውን በተቀደደ ስቶኪንግ ቋጥረው ገላ መታጠቢያ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ቅባቱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ የፍስኩ በቅቤ፣ የጾሙ በኑግ ዘይት። ሰሙስ ጾም አያስገድፍም ወይ ያላቸው ቄስ "አባቴ፣ ጧፉ ከምንድን ነው የተሠራው?" የሚል መልስ አግኝተዋል።

መድኃኒቱን ሳይጠየቁ ነው የሚያድሉት። ለቅሶ ቤት ገብተው እግዜር ያጽናሽ ከማለታቸው በፊት የሐዘንተኛዋን መዳፍ ገልብጠው አይተዋል። ሚኒባስ ውስጥ ሒሳብ ሊቀበል እጁን የዘረጋ ወያላ ጣቱን ተይዞ ስለ ጥፍሩ ዙሪያ ሲመከር፣ ወራጅ አለ እያለ የሚጮኸው ሕዝብ ፌርማታው አልፎታል። ፍርዳቸውም ለሁሉም አንድ ነው፦ "ይሄ ገላ ተጠምቷል።"

ወጋየሁ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሊያልፈው በቻለ ነበር። እጁ ላይ ባይመጡበት።

የወጋየሁ እጅ ቁስሉ ነው። ቀኑን ሙሉ ናፍጣና ግራሶ ሲያቦካ ይውላል፤ ማታ በላምባ፣ በአሸዋና በልብስ ሳሙና ይፈትገዋል። ቢፈትገውም ጠረኑ አይለቅም፤ መዳፉ ግን እንደ ሞረድ ይሻክራል። በቅርቡ እግር የተከለችው ልጁ ውዳሴ፣ አባቷ ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ "ኡፍ!" ብላ አፍንጫዋን በእናቷ በገዲሴ ቀሚስ ትሸፍናለች። በግድ ጉንጯን ከነካት ታለቅሳለች። እና ሰው በገዛ ልጁ ፊት እጁን እንደ ሌባ ወደኋላ ደብቆ ይቆማል? ወጋየሁ ይቆም ነበር።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ በአበባው ላይ አሻግረው ይህን ያዩ ዕለት ዝም አላሉም።

"ወጌ፣ እጅህ ተጠምቷል። ልጅቷ የጠላችው ናፍጣውን እንጂ አንተን አይደለም።"

"እትዬ ተናኘ፣ ወንድ ልጅ አበባ አይቀባም።"

"ናፍጣ ነው የሚቀባው?"

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን ገዲሴ ልጅቷን አዝላ ለቡ ሰፈር ወላጆቿ ዘንድ ሄዳለች። ወጋየሁ በዘጠኝ ሰዓት ጾሙን ሊፈታ ከጋራዡ ሲመጣ፣ ወይዘሮዋ በአበባው ላይ ብቅ ብለው፣ "ለገዲሴ የጾሟን ጣሳ መደርደሪያው ላይ አስቀምጬላታለሁ" አሉት። ገባ። ሽሮው ምድጃ ላይ ነው። ጣሳውን ከፈተ፤ የረጋ ዘይት። ጎረቤት አይክፋ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ መረቃቸውና ጣሳውን በማንኪያ አሟጥጦ ሽሮው ላይ ጣለው። ሲጎርስ አንድ ነገር ገረመው፤ ግን እርቦታል፣ ሚስቱም አዲስ ቅመም ታመጣለች። ጠርጎ በላ።

ተመልሶ ጋራዥ ሲደርስ ማግሳት ጀመረ። የጋራዡ አንጋፋ ዳባ ከአንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሥር በጀርባው እንደተኛ አነፈነፈና "ወጌ፣ ማን ሞቶብህ ነው የአበባ ጉንጉን ይዘህ የመጣኸው?" አለው። ከዚያ እዚያው ተኝቶ ገጠመለት፤

ናፍጣ ሲሸት ውሎ የጋራዡ ጌታ፣
ሽሮ ጎርሶ መጣ ካበባ ገበታ።

ጋራዡ በሙሉ ተቀበለው፤ እስከ ማታም ግጥሙ ሰፈር ደረሰ። ወጋየሁ ያን ቀን አጥር ሊያጥር ማለ። የቅዳሜ ሰው ይበለን አለ።

ቅዳሜ አሮጌ ቆርቆሮና ቋሚ እንጨት አመጣና በወሰኑ ላይ ገመድ ወጠረ። ገመዱ አበባዋን ለሁለት ይከፍላታል። ወይዘሮ ተናኘወርቅ በራቸው ላይ ቆሙ። ስለማንም ገላ ምንም አላሉም። ዶማው ሲያርፍ ብቻ፣ ለራሳቸው ያህል ቀስ ብለው "ሥሯን አትቁረጥባት" አሉ።

ወጋየሁ ዶማውን ጣለና በእጁ ያዛት። ጎተተ፣ ጠመዘዘ፤ ቅጠሉና አበባው መዳፉ ውስጥ ደቀቀ፤ ሥሯ ግን አልለቅም አለ። እየተሳደበ ሲታገል ውዳሴ ከጓሮ ድክ ድክ እያለች መጥታ የተቆፈረው አፈር አደናቀፋት። ሳያስብ ቀለባት። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ "ኡፍ"ን ጠበቀ።

አልመጣም። ልጅቷ የአባቷን መዳፍ በሁለት እጇ ያዘች፤ አሸተተችው፤ ገለበጠችና ደግማ አሸተተችው። ከዚያ ጉንጯን አስደግፋበት አንቀላፋች። ወጋየሁ እግሩ እስኪደነዝዝ እንደተቀመጠ ቀረ። ገዲሴ ከበሩ ላይ "የውዳሴ አባት፣ አጥሩስ?" ብትለው፣ እንዳታነቂያት ብሎ በቅንድቡ ተቆጣት።

አጥሩ ግን ታጠረ። ከመንገዱ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይመጣና አበባዋ ጋ ሲደርስ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ወጋየሁ ግቢ ይጎብጣል፤ አልፏት ደግሞ ይቃናል። ለምን ሲሉት ድንጋይ ገጥሞኝ ነው ይላል።

በማግስቱ ክብርት ወይዘሮ ተናኘወርቅ አዲሱን አጥር ሊመርቁ መጡ። የዛገውን ቆርቆሮ በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ከንፈራቸውን መጠጡ። "ይሄስ ገላው ተጠምቷል" አሉ።

ማን ሾማቸው? ወጋየሁ ደሙ ፈላ። ልጁን ትከሻው ላይ እንዳስቀመጠ ወደ ቤት ገባ፤ ያቺን ባዶ ጣሳ ይዞ ወጣና በአጥሩ ላይ አሻግሮ ዘረጋላቸው።

"እትዬ ተናኘ፣ ቆርቆሮውን ይተዉትና ይህችን ይሙሏት" አለ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ። "የጾሟን።"

ወይዘሮዋ ጣሳውን ተቀበሉ፤ ውስጧን አዩ፤ እሱንም አዩት።

"ለእጅህ ነው" አሉት፣ "ለሽሮ?"