ሠርግ የሌለው ሆታ

ሆታ ሲባል እናንተ ምን ይታያችኋል? ሠርግ አይደል? እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ለዚህ ነው ፍራንክፈርት ውስጥ፣ በጠራራ ቅዳሜ፣ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ፣ የስጦታ ሳህን በወረቀት አስጠቅልዬ፣ ሙሽራ የሌለበት አዳራሽ ውስጥ ዘው ያልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበርሊን ግንብ በፈረሰ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ መሀል ከተማው፣ ኢነንሽታት ካለ አንድ ትልቅ መደብር ወጥ ቤት እሠራ ነበር። አብራኝ ድንች የምትልጠው ፒላር የምትባል ስፔናዊት ናት። ሃምሳዎቹን ያገባደደች፣ ባሏ የሞተባት፣ አጭር፣ ክንደ ብርቱ ሴት። በአማርኛ ብንተዋወቅ አንቱ ነበር የምላት። የወጥ ቤት ጀርመንኛ ግን ሁላችንንም «ዱ»፣ አንተና አንቺ፣ አድርጎ እኩል አስቀምጦናል። እኔ ከአዲስ አበባ፣ እሷ አራጎን ከሚባል የስፔን ክፍል፤ ሁለታችንም ቋንቋውን እያበላሸን እንግባባለን። አንድ ቀን በፓውዘ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ቡናዋን እየጠጣች «ቅዳሜ ሆታ አለን፣ ነይ» አለችኝ። ሆታ! ልጇን ልትድር ነው፣ ለኔ ብላ በአማርኛ ጠራችው አልኩ። ከየት ሰማችው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ደስ ሲለው ማን ይጠይቃል?

ቦከንሃይም ሰፈር፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው አዳራሽ ስደርስ ሰባት ሽማግሌና አሮጊት ወንበር ወደ ግድግዳ ይገፋሉ። ፒላር ቀሚሴን አየችና በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች። «ሙሽራዋ የታለች?» አልኳት። ነገሩ ሲገባቸው ጊታር የሚመታው ሽማግሌ ከሳቁ የተነሳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለካ ሆታ የአራጎኖች የዘፈንና የጭፈራ ስም ኖሯል። ሳህኑን ግን አልመለሱልኝም።

ጭፈራውን ላስረዳችሁ። ክንድ ሽቅብ ይዘረጋል። አውራ ጣት ላይ የታሰሩት የእንጨት ቅርፊቶች ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጫጫሉ። እግር ይዘላል፣ ጉልበት መሬት ነክቶ ይነሳል። ይህን ሁሉ ሰባት ጡረታ የደረሱ ሰዎች! ድሮ አርባ ነበርን አለችኝ ፒላር። ግማሹ አገሩ ገባ፣ ግማሹ ሞተ፣ ልጆቹ ዲስኮ ሄዱ። ከቀሩት ሴቶች አንዷ ደግሞ በዚያው ሰሞን ዳሌዋን ተሰበረች። ጥንድ ጎደለ። ዞር ብላ ማንን አየች? የሠርግ ልብስ የለበሰችውን።

ጭፈራውን ለመማር ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ከሁሉ ያስቸገረኝ ትከሻዬ ነው። እግሬ አራጎን ሲደርስ ትከሻዬ ጎጃም ይቀራል። «ትከሻሽን እሰሪው!» ትለኛለች ፒላር። እንዴት ብሎ ይታሰራል? ደግሞ አንዲት ግማሽ እርምጃ አለች። ወደፊት ከመዝለላችሁ በፊት ትንሽ ወደኋላ ማለት ነው። በሷ መንደር ብቻ ነው የምትጨፈረው። አባቷ አውድማ ላይ ነው ያስተማሯት። ሌላውን ስስት ትስቃለች፤ እሷን ስስት ግን ጊታሩን ታስቆማለች።

አንድ ቅዳሜ ኡባን ባቡር ውስጥ ጋሽ ተስፋጽዮንን አገኘኋቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፣ ጡረተኛ፣ አማርኛን ከኛ አሳምረው የሚናገሩ። «ልጄ፣ ቦርሳሽ ውስጥ የሚንቋቋው ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «የሰው ስትጨፍሪ የኛን ማን ይጨፍርልን?»

«እርስዎ ለልጆችዎ አስተማሩ?» አልኳቸው። አፌን በቆረጠው።

«ልጆቼማ እንኳን ጭፈራ፣ ሰላምታዬን በጀርመንኛ ነው የሚመልሱት» አሉ። ከዚያ ሁለታችንም በመስኮት ማየት ጀመርን። ኡባን ከመሬት በታች ነው፤ መስኮቱ ምን ያሳያል? እኛኑ።

መጨፈር በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ከአራጎን ደብዳቤ መጣ። በየአገሩ የተበተኑ ጨፋሪዎችን ሰብስበው ትልቅ በዓል ሊያዘጋጁ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ሰውዬ መጥተው ያዩናል። ፒላር ሳምንቱን ሙሉ ድንች ስትልጥ ዘፈነች። ሰውዬው መጡ፣ ክራቫት ያሰሩ፣ ጨዋ ሰው። ጨፈርን። ግማሽ እርምጃዋ ላይ ስንደርስ መሀረባቸውን አወጡ። አያቴ እንዲህ ነበር የምትጨፍረው አሉ፣ ወደኔ እግር እያመለከቱ። ወደኔ! ትከሻዬ በዚያች ሰዓት ቢፈታ አልፈርድበትም ነበር። ከዚያ ፒላርን ወደ ጥግ ይዘዋት ሄዱ።

ሰኞ ፒላር አልዘፈነችም። ግማሽ ጆንያ ከላጥን በኋላ፣ ቀና ሳትል፦ «ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም» አለችኝ።

«ምን አለ?»

«እግሯ የኛ ነው፣ ፊቷ ግን... አለ። ሕዝቡ ግራ ይገባዋል አለ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ዝም አልኩ።» ቆይታም «ልጄ ካርመን በአንቺ ቦታ ትግባ። ከኔ አትማርም፣ እንጣላለን። አንቺ አስተምሪያት» አለችኝ።

የድንቹን ዓይን አንድ ባንድ እየጎረጎርኩ አወጣሁ። ከዚያ እሺ አልኳት። ለምን እሺ አልሽ ትሉኝ ይሆናል። እርምጃዋ እንዳትጠፋ ብዬ ነው ብል ያምርብኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ? እምቢ ካልኩ በፓውዘ ሰዓት ብቻዬን እቀመጣለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ሰው አገር ብቻውን ቡና የጠጣ ያውቀዋል።

ካርመን ኖርድኤንድ ሰፈር ፀጉር ትሠራለች። ፍራንክፈርት ተወልዳ ፍራንክፈርት ያደገች፣ ማስቲካ ከአፏ የማይጠፋ ልጅ። «ወደፊት ለመዝለል ለምን ወደኋላ እሄዳለሁ?» ትለኛለች በጀርመንኛ። እኔ የአዲስ አበባዋ፣ በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ፣ ስለ ገዛ አያቷ አውድማ አስረዳታለሁ። አንድ ቀን እንኳ ትክክል አልረገጠቻትም። ቢሆንም የሆታ ቀሚሴን ወገቡን አጥብቤ ሰጠኋት። ሄዱ። በዓሉ ላይ ተጨበጨበላቸው። ፎቶው መጣ፤ ካርመን መሀል ላይ ማስቲካዋን ታኝካለች። ፒላር በቸኮሌት የተጠቀለለ ፍራፍሬ አመጣችልኝ፣ የአገራቸው ነው። አልበላም ብዬ ነበር። በላሁት። የሚያናድደው ደግሞ ይጣፍጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ካርመን አልተመለሰችም። ጊታር መቺው በመኸር ሞተ። ፒላርም ሬንተዋ፣ ጡረታዋ፣ ሲደርስ፣ መንደሬ ገብቼ ልጆች አስተምራለሁ ብላ ጠቅልላ ሄደች። ባቡር ጣቢያ ላይ አቅፋኝ «ያኔ መናገር ነበረብኝ» አለችኝ። አዎ ነበረብሽ አላልኳትም። በልቤ ግን ብያታለሁ። እሷ በሄደች በሳምንቱ የቀሩትም መምጣት ተዉ፤ የአዳራሹን ቁልፍ መለስኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደወለች። ድምጿ አነሰብኝ። መንደሩ ውስጥ ሆታ የምታስተምር ወጣት ሴት ከከተማ ትመጣለች አሉ። ፒላር ሄዳ ግማሽ እርምጃዋን አሳየች። አስተማሪዋ በትሕትና «እማማ፣ ይሄ የኛ አይደለም። ጀርመን አገር የተበላሸ ነው» አለቻት። ልጆቹ ሳቁ። አሁን መንደሩ ሁሉ «ጀርመኗ» ነው የሚላት።

ልስቅ ነበር። ለሦስት ዓመት የቋጠርኩት ሳቅ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ከመሳቄ በፊት ግን «እናንተስ? እዚያ ትጨፍራላችሁ?» አለችኝ።

በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ። ዝናብ ነው። «እንዴታ!» አልኳት።

«ስንት ናችሁ?»

«አሥራ ሁለት።»

«እርምጃዋንስ?»

«አንዳቸውም አይስቷትም።»

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ትደውላለች፣ እኔም በየወሩ አንድ ሁለት ሰው እጨምራለሁ። አሁን ሃያ ስድስት ደርሰናል። ባለፈው ወር እንዲያውም አዳራሹ ስለጠበበን ሰው መመለስ ጀምረናል አልኳት። ተቆጣች። «ማንንም! ሰምተሻል? ማንንም እንዳትመልሺ!»

እሺ፣ ሁሉንም እቀበላለሁ አልኳት።