የአደም ጀልባ ሰማይ

አምባቸው፦ እግር አላልሁም። ሪጄል ነው ያልሁህ።

አደም፦ (በጀርባው ተንጋሎ፣ ብሩሹን በጥርሱ እንደነከሰ) ገብቶኛል መምህር። እግር።

አምባቸው፦ (ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እያዩ) ቀለም ረገጥሁ እንዴ?

አደም፦ ኧረ አልረገጡም።

አምባቸው፦ እንግዲያው እግሬን ተወውና ወደ ሰማዩ ተመለስ።

ሰማዩ የጀልባ ጣሪያ ነበር። አደም በባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ጀልባ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ሥራውን ከአባቱ ተረክቦታል። አዲሷን ጀልባ ጨርሶ ጣሪያዋን ከውስጥ በኩል ጥቁር ሰማያዊ ቀብቷታል፤ አሁን ደግሞ በሁለት በርሜል ላይ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ተኝቶ ነጫጭ ኮከቦች ይሥልባታል። ሐሳቡ የመምህር አምባቸው ነው። ነገ ቅዳሜ ጀልባዋ የምትጭናቸው የመጀመሪያ ተሳፋሪዎች ተማሪዎች ናቸው። ተማሪ በሌሊት ሐይቅ ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ ሰማዩን ወደ ቀን እናምጣላቸው ብለው ነበር። ኮከቦቹ ይሣላሉ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ስሙ ይጻፋል፣ እሳቸው ማይክሮፎን ይዘው ያስረዳሉ።

ነገሩ ለእሳቸው የዋዛ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ከዚያ ወዲህ በጥሞና የሚያዳምጣቸው ሰው አላገኙም። አምባቸው ስለ ደመና ዓይነቶች ማስረዳት ሲጀምሩ ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እንኳ ቀስ ብለው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ። ለነገው ንግግር ሦስት ቀን ሙሉ ማስታወሻ ሲጽፉና ሲሰርዙ ከርመዋል። ታዲያ ዛሬ ጠዋት ኮከቦቹን አንድ በአንድ ሊያጽፉ ቢመጡ፣ አደም ገና በመጀመሪያው ነገር ያበላሽባቸው ጀመር።

ትዕግሥት ይሻላል ብለው ከሥሩ አስረዱት። ጥንት በባቢሎን አገር የነበሩ ሰዎች የተበታተነውን ኮከብ በዓይናቸው እያገጣጠሙ በሬ፣ አንበሳ፣ ጊንጥ እንዳደረጉት፤ ግሪኮች ደግሞ ተቀብለው ታሪክ እንደጨመሩበት፤ ይህ ኦሪዮን የተባለው ቀበቶ የታጠቀ አዳኝ እንደሆነና ሪጄልም ከታች በኩል ያለው ብሩህ ኮከቡ እንደሆነ ነገሩት። የኮከቦቹም ስም የግሪክ ነው ብለው ደመደሙ።

አደም፦ ሁሉም?

አምባቸው፦ ሁሉም። አሁን የበሬው ዓይን ላይ ያለውን ቀዩን ጻፍ። አልደባራን።

አደም፦ (ጥቂት አሰብ አድርጎ) ተከታዩ።

አምባቸው፦ ምን ያጣድፍሃል? ይህን ሳንጨርስ ወዴት ነው ተከታዩ? አልደባራን ነው ያልሁህ።

አደም፦ እኮ፣ ተከታዩ።

መምህሩ ማስታወሻቸውን ገለጡ። ሠራተኛው ቶሎ ጨርሶ ወደ ቤቱ መሄድ የፈለገ መሰላቸውና ቅር አላቸው፤ ሆኖም አልተናገሩም።

አምባቸው፦ ይሁን። ተከታዩ ዴኔብ ነው።

አደም፦ ጅራት።

አምባቸው፦ ጅራታም ኮከብ ሌላ ነው። እሱ መንገደኛ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። ይህ ቋሚ ነው። ከእሱ ፈንጠር ብሎ ደግሞ አልታይር አለ።

አደም፦ የሚበረው።

አምባቸው፦ (አንገታቸውን አውጥተው ሐይቁን እየቃኙ) የታለ? ምን ወፍ ነው?

አደም፦ ወፉማ እዚህ ነው፣ ጣሪያው ላይ።

አምባቸው ወደ ጣሪያው ቀና ብለው የወፍ ጎጆ ፈለጉ። አልነበረም። ቀለሙ ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ አናቱ ላይ ወጥቶበት ይሆናል ብለው አዘኑለት፤ ትንሽ ነፋስ እንዲቀበልም መከሩት። አደም ደህና መሆኑን ነገራቸው።

አምባቸው፦ ደህና ከሆንህ ይህን ያዝልኝ። ፎማልሃውት።

አደም፦ (ፊቱ በራ ብሎ) የዓሣ አፍ።

አምባቸው፦ ገና አራት ሰዓት አልሞላም፣ አደም። ምሳ ይደርሳል።

አደም፦ መምህር፣ ይህስ ልክ አይደለም?

አምባቸው፦ አይደለም። ከአምስቱ አንዱን እንኳ በስሙ አልጠራህልኝም። የመጨረሻው ቤተልጉዝ ነው።

አደም፦ (ብሩሹን ከጣሪያው ላይ አንሥቶ) ይህን አላውቀውም።

አምባቸው፦ ጎሽ። አላውቅም ማለትም አንድ ዕውቀት ነው።

ስሞቹን በወረቀት በትልልቅ ፊደል ጽፈው ሰጡትና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ምሳ ላይ ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ የሆነውን ሁሉ አጫወቷቸው፤ እጁ ወርቅ እንደሆነ፣ ጭንቅላቱ ግን እግርና ጅራት ሲል እንደዋለ ነገሯቸው። እሳቸውም ለመሆኑ የኮከቦቹ ስም ትርጉሙ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አምባቸው ስም ስም ነው፣ ትርጉም አይጠየቅም አሉና እጃቸውን ታጠቡ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለሱ ሥዕሉ አልቋል። የአደም ባለቤት ዘሊካ ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ብሩሾቹን በጋዝ ታጥባለች። አምባቸው ቀና ብለው አዩ። አዳኙ አለ፣ ቀበቶው አለ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ከሥራቸው ግን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ «እግር»፣ «ተከታዩ»፣ «ጅራት»፣ «የሚበረው»፣ «የዓሣ አፍ» ይላል። ነገ አርባ ተማሪ ፊት መሳቂያ ሊሆኑ ነው።

አምባቸው፦ (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) አደም፣ እኔ የሰጠሁህ ስም የታለ?

አደም፦ እሱ ዓረብኛ ነው፣ መምህር። ለልጆቹ አይገባቸውም ብዬ በአማርኛ ጻፍሁት።

አምባቸው፦ ምንድን ነው ያልኸው?

ዘሊካ ብሩሹን አስቀመጠችና እሷ አስረዳቻቸው። ባሏ ልጅ ሳለ አጎቱ ሼህ ረመዳን ዘንድ ስምንት ዓመት ኪታብ ተምሯል። ሪጅል በዓረብኛ እግር ነው፤ ዘነብ ጅራት ነው፤ ጣኢር የሚበር ነው። ደባራን የተባለው ተጠጋግተው የሚታዩትን ሰባቱን ኮከቦች ከኋላ ከኋላ ስለሚከተል ነው። ፈም አል-ሑት ደግሞ የዓሣ አፍ ነው፤ ይህን የሐይቅ ሰው አይስተውም አለች።

አምባቸው፦ ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርኸኝም?

አደም፦ ነገርሁዎት እኮ። አጎቴም እንዲሁ ነበር የሚያስተምሩን፤ ቃሉን ይጥሉልናል፣ እኛ ፍቺውን እንመልሳለን። እርስዎም የሚፈትኑኝ መስሎኝ። መልሼ አይደለም ሲሉኝ ግን ግራ ገባኝ። ረስቼው ይሆን ብዬ ምሳ ሰዓት ሄጄ አጎቴን ጠየቅሁ።

አምባቸው፦ ምን አሉ?

አደም፦ ሁሉንም ልክ ነህ አሉኝ። መምህርህ ግን በጣም ጥብቅ ናቸው አሉ።

አምባቸው ድንገት ትዝ ሲላቸው ጣታቸውን ወደ ቀዩ ትልቅ ኮከብ ቀሰሩ፤ አደም ወድቆበት የነበረው ቤተልጉዝ ነበር። ከሥሩ «እጅ» ተብሎ ተጽፏል።

አደም፦ እሱን አጎቴ ናቸው የፈቱልኝ። የድ፣ እጅ ማለት ነው፤ የአዳኙ እጅ። በዓረብኛ ሲጻፍ ከፊደሉ ሥር ሁለት ነጥብ አለው። ድሮ የገለበጠው ሰው አንዲቱን ነጥብ ዘለላትና «የ» የነበረው «በ» ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፈረንጁም ሊቁም እንደተሳሳተ ይጠራዋል።

አምባቸው ሳንቃው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት የኖሩት ስም የአንድ ጸሐፊ ግድፈት ነው። ፍሬ ስብሐት የሚባል አንድ ተማሪ የስሞቹን ትርጉም ጠይቋቸው ተቀመጥ እንዳሉት አስታወሱና አፈሩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቃቸው መጣ፤ መጀመሪያ በአፍንጫ፣ ቀጥሎ በሆዳቸው። ዘሊካም ሳቀች። አደም ምን እንዳሳቃቸው ሳይገባው አብሯቸው ፈገግ አለ።

ከዚያ ማስታወሻቸውን አወጡ፤ «የግሪክ ስሞች» የሚለውን ርእስ ሰረዙና ባዶ ገጽ ገለጡ። ብዕራቸውን አዘጋጁ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከተቀመጡበትም ተነሡ።

አምባቸው፦ ከዝርዝሩ ያስቀረሁት ቬጋ የሚባል አንድ ኮከብ አለ። ትርጉሙን ቢነግሩኝ፣ መምህር።

አደም፦ (ከሳንቃው ዘሎ ወርዶ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ ወደ ኋላው እየተመለከተ) ማን መጡ?