ናሙናው በክብር ወደ ጎንደር የተሸኘበት ዕለት

ደባርቅ የሚገኘው መሥሪያ ቤታችን፣ ትሕትናው ስሙን እንድጠቅስ ባይፈቅድልኝም፣ ሥራ ቢያጣ እንኳ ሥልጠና አጥቶ የማያውቅ ተቋም ነው። የሰሞኑ ሥልጠና ኤችአይቪና መሰሎቹ የዘር መልእክታቸውን እንዴት መርጠው እንደሚያሽጉ የሚያስረዳ ነበር። አሠልጣኟ የላቦራቶሪ ባለሙያችን እሌኒ ናት። ሴል ውስጥ አርኤንኤ የሚባለው መልእክት እንደ ገበያ ሰው ይተራመሳል፤ አብዛኛውም የሴሉ የራሱ ነው አለች። የቫይረሱ ፕሮቲን ግን ግር አይለውም። የቫይረሱ አርኤንኤ ጫፉ አካባቢ ምልክት አለው፤ ፕሮቲኑ ያንን ለይቶ ይይዛል፣ ሁለት ቅጂ አጣምሮ ያሽጋል፣ ይወጣል።

«ምልክቱ ከጠፋስ?» ሲሉ ጠየቁ ኃላፊያችን አቶ መልከ ጼዴቅ።

«ያገኘውን ያሽጋል። ከውጭ ሲያዩት ያማረ ቫይረስ ነው፤ ማንንም ግን አይበክልም።»

ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ራሳቸውን በነቀነቁ ቁጥር የሆነ ነገር እንደሚመጣ እናውቃለን።

«መዋቅር የሌለው ቫይረስ እንዲህ ካሸገ፣ መዋቅር ያለን እኛ በምን እናንሳለን?» አሉ።

በዚያው ዕለት ከመካነ ብርሃን የመጣችው አገርነሽ ደሟን ሰጥታ አዳራሹ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። እርጉዝ ናት። የምትወስደው መድኃኒት ቫይረሱን መግታት ያቃተው ይመስላል፤ ጎንደር ያለው ላቦራቶሪ የቫይረሱን መጠን ለክቶ ካላሳወቀ ግን ሐኪሙ አይቀይርላትም። እስከ ዛሬ ናሙና ወደዚያ የሚሄደው በሹፌሩ በሸጋው እጅ፣ ያለ አንዳች ንግግር ነበር። ይህ ኋላቀር አሠራር ስለሆነ፣ ናሙናው በልዑካን ቡድን እንዲሸኝ ተወሰነ።

ሁለት ተመሳሳይ የበረዶ ሳጥኖች ተዘጋጁ፤ በአንዱ ናሙናው፣ በሌላው የልዑካኑ ለስላሳ። የናሙናው ሳጥን ክዳኑ ላይ «የደም ናሙና» የሚል ቀይ ወረቀት ነበረው። ኃላፊው ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይኼ ገጽታችንን ያበላሻል።»

መሥሪያ ቤታችን ከወንበር እስከ መጥረጊያ አርማውን ያልለጠፈበት ዕቃ የለውም። ሁለቱም ክዳኖች አርማውና «በጥራት እናሽጋለን» የሚል መፈክር ተለጠፈባቸው። ቀዩ ወረቀት ከሥር ቀረ።

«ምልክቱን እኮ ሸፈናችሁት» አለች እሌኒ።

አስተያየቷ እንደ ግብዓት ተወሰደ። እሷ ግን ማዕረጓ ስላልደረሰ ከቡድኑ አልተካተተችም።

መኪናው በልዑካን ስለሞላ ቦታ የተረፈው ለአንድ ሳጥን ብቻ ነበር።

«የትኛው ነው ናሙናው?» አለ ሸጋው።

ኃላፊው ሁለቱንም ከፍ አድርገው መዘኑ። «ከበድ ያለው ነው። ቁም ነገር መቼም ይከብዳል።»

ዳባት ለምሳ ስንወርድ ሳጥኑን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች መደብን። ጎንደር ስንደርስ ኃላፊው ስለ ርክክቡ ታሪካዊነት ሰፊ ንግግር አደረጉ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ሳጥኑን ከፈተና አንድ ጠርሙስ አውጥቶ ወደ ብርሃን አነሣው።

«ይኼን ምኑን ልለካው?» አለ።

ጭብጨባው ገና አላበቃም ነበር። ለስላሳው ግን በሚገባ ቀዝቅዟል፤ ይህንን ማንም አይክደንም። የአገርነሽ ደም ደባርቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ባማረ አርማ ሥር፣ በረዶው ቀልጦ ተበላሸ።

አገርነሽ በቀጠሮዋ መጣች። ሆዷ ገፍቷል።

«ውጤቴ ደረሰ?»

«እኅቴ፣ ትልቅ ትምህርት ወስደናል» አሉ አቶ መልከ ጼዴቅ። «ከእንግዲህ ልክ እንደ ቫይረሱ በጥንድ ነው የምንሠራው። ሁለት መኪና ጠይቀናል።»

አገርነሽ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋች። አንጀቴን በላችው።

«ደሙንስ ልስጥ፤ ምን አማራጭ አለኝ። ብቻ ጌታው፣ ያን ዕለት በሩ ላይ ሆኜ ስሰማ ቫይረሱ ዕቃውን አይስትም አሉ። የአሁኑን እሱ ራሱ ቢያሽገው አይሻልም?»

ሐሳቧ እንደ ግብዓት ተወስዷል።