ጎማ ብቻ የደበቀው ጉድጓድ

ትናንት ምሳዬን በልቼ ጋደም እንዳልኩ ሕልም አየሁ። የት እንደተጋደምኩ ኋላ ትሰማላችሁ።

መጀመሪያ ግን ነገሩን ላስረዳ። ቀበሌ «የጠላት አውሮፕላን ሊመጣ ስለሚችል በየጓሮው መደበቂያ ይቆፈር፣ ጥልቀቱም የሰው ቁመት ይሁን» ካለ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የኛን የምቆፍረው እኔ ነኝ። እማ ጉልበቷን ስለሚያማት ሌላ ቦታ ሮጣ አትደርስም። እኔ ደግሞ የድሬዳዋ ፀሐይ አናቴን ሲበሳው ጊዜ እስከ ጉልበቴ ቆፈርኩና ቆርቆሮ ከደንኩበት።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ኧረ እንዴት ያለ ጥልቅ ነው እማ! ድንጋይ ብትጥዪበት ድምፁ ቆይቶ ነው የሚሰማው።»

መረቀችኝ።

በሕልሜ የአደጋ ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኸ። ሰፈርተኛው ሁሉ ተሽቀዳድሞ ጣሪያ ላይ ወጣ። ጎረቤታችን አዴ ሩቂያ በዚያ ሁሉ ውፍረታቸው እንደ ድመት የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዘለሉ። የቀበሌ ጥበቃዎች ፊሽካ እየነፉ «ጩኹ! እዚህ ነን በሉ!» ይላሉ። አውሮፕላኖቹ እኛን ሲያዩ ደንግጠው ተበታተኑ።

በራችን ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አውሮፕላን። በናታችሁ ደብቁኝ፣ ሰዎቹ መጡብኝ!»

እማ ከፈተችለት። «ግባ ልጄ፣ ላብ አጥምቆሃል። ልጄ የቆፈረው አለ፣ ጥልቅ ነው።»

ክንፉን አጥፎ ገባ። ጎማዎቹ ብቻ ተደበቁ።

«ይሄ ነው?» አለኝ።

«ጎንበስ በላ!»

«እግር መታጠቢያ ነው እንዴ አቦ?»

ወዲያው የቀበሌው ተቆጣጣሪ መጣ። ኤሊ ነው። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ አንገቱን ሲያሰግግ ከነፊሽካው ውጭ ታየ።

«እኔ መደበቂያዬን ተሸክሜ የምዞረው ወድጄ መሰለህ? እንዲህ ያለ ቆፋሪ ስላለ ነው! ማነው የቆፈረው?»

ሁሉም ጠቆሙኝ። አውሮፕላኑ ሳይቀር፣ በክንፉ።

«በሉ እሱ ከሥር ይተኛ፣ እንግዳው እላዩ ላይ ይደበቅ!»

አውሮፕላኑ ወጣብኝ። «ውረድልኝ! ጎኔን!» ብዬ ስጮህ ነቃሁ።

ጎኔ ላይ የነበረው የአዴ ሩቂያ ክርን ነው። ሳይረኑ የእውነት ይጮሃል። የተኛሁት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነበር፤ ቀዝቀዝ ስለሚል ከቆፈርኩት ጀምሮ የቀን እንቅልፌ እዚያ ነው። እህቴ ጥሩነሽ እግሬ ላይ ተጣጥፋለች። አዴ ሩቂያ ሆዴ ላይ ናቸው። ቆርቆሮው አልገጥም ብሎ ወዲያ ተጥሏል። እማ ቦታ ስላጣች ከሁላችን በላይ ተኝታለች።

«ልጄ» አለችኝ ከላይ ሆና፣ «ጥልቅ ነው አላልከኝም?»

«እኔ ባልኖርበት እኮ ይበቃችሁ ነበር እማ።»

የአውሮፕላን ድምፅ እየቀረበ መጣ። እማ እጇን በአዴ ሩቂያ ትከሻ አሳልፋ አናቴን ሸፈነችው። የራሷ ጀርባ ግን ከጉድጓዱ ውጭ ነው።

እንደተጋደምኩ በጥፍሬ መቆፈር ጀመርኩ።