የሚስ ግዌን አጥቢያ

ስለ እጅ ጽሑፌ አስቀድሜ ይቅርታ፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ፊደልም እገድፋለሁ፤ ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ እምብዛም አላለፈም። እንደምንም ታገሱኝ።

እኛ ሰፈርን በታቦት መጥራት እንወዳለን። አሜሪካ መጥተን አሌክሳንድሪያ ከገባን ብዙም ሳንቆይ እማዬ የመንገዱን ስም ትታ «ከሚካኤል ዝቅ ብሎ» ማለት ጀመረች። ፒዛ ያዘዘች ቀን እንኳ በስልክ እንዲሁ አለች። ፒዛው እስካሁን አልደረሰም።

እንዲህ የሚያደርገው የእኛ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እማዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሚስ ግዌን የሚባሉ የዌልስ አሮጊት ትንከባከባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት ሄጄ ሶፋው ጫፍ ላይ ዝም እላለሁ። ዝምታ እችልበታለሁ። የልብ ሰርጀሪያቸው የተቃረበ ጊዜ ግን እሳቸውም ዝም አሉ፤ ሾርባውንም ገፉት።

«ፈርተዋል» አለችኝ እማዬ በሹክሹክታ። «አንቺ ደግሞ እንደ ዕቃ አትቀመጪ፤ አጫውቻቸው እንጂ።»

ምን ብዬ? ግድግዳው ላይ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አለ። «የት ነው?» አልኳቸው፤ እንግሊዝኛ እሰማለሁ እንጂ ስናገር ከዚያ እምብዛም አልዘልም።

«ላንቪሃንግል» አሉ። የተወለዱበት መንደር ነው። ቀስ ብለው እንዳስረዱኝ «ላን» በጥንቶቹ የዌልስ ሰዎች፣ በኬልቶች ቋንቋ መጀመሪያ የታጠረ መሬት ማለት ነበር፤ ቆይቶ አጥሩ ውስጥ ለቆመችው ቤተ ክርስቲያን፣ በኋላም ለአጥቢያው ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

«ቪሃንግልስ?»

«ሚካኤል ነዋ፣ የኔ ልጅ።»

ከባሕር ማዶ፣ ጤፍ በማያውቅ ዝናባም አገር፣ ስለ እኛ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ከስንት ዘመን በፊት ግቢ አጥረው ሰፈራቸውን ሚካኤል ብለውታል! ላንቫየር የሚባልም አለ አሉኝ፤ የማርያም ማለት ነው። እኔ አገር ስለቅቅ ሰፈር የለወጥኩ መስሎኝ ነበር።

«እኛም የምንኖረው ከሚካኤል ዝቅ ብሎ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። «እንግዲህ ከሰርጀሪው ባልመለስም የመንደሬን ስም የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ» አሉና ሾርባውን ጠጡ።

«ምን ብለሽ አስጠጣሻቸው?» አለች እማዬ።

«ስለ ሰፈር አወራን።»

በማግስቱ ቅዳሴ ሲያበቃ የታመመበት ሰው የበሽተኛውን ስም ለጸሎት ይሰጣል። የእኛ ካህን ደግሞ ያለ ክርስትና ስም አይቀበሉም።

«ማን ልበል?» አሉኝ ለሚስ ግዌን ላስጸልይ ስቀርብ።

«ወለተ ሚካኤል።»

«የየት አጥቢያ ሰው ናት?»

«የሚካኤል፣ አባ።»

አልዋሸሁም። ሚስ ግዌን ድነው ዛሬም ሾርባ ይገፋሉ፤ እማዬም ሐኪሞቹን ታመሰግናለች። የክርስትና እናታቸው እኔ መሆኔን ግን ለእሳቸውም ጭምር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።