የተሸነፈ ያድጋል

ትናንት ሕልም አየሁ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

የከተማችን ቡድን ዋርካ ሜዳ ከነማ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማደግ ደጅ ሲጠና የኖረ ቡድን ነው። በሕልሜ ቀኑ ደርሶ ከሰፌድ አምባ ጋር የመለያ ጨዋታ ሊያደርግ ነው። ከሁለቱ አንዱ ያድጋል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል። ስታዲየሙ በር ላይ ስደርስ ተጫዋቾቻችን ከነማልያቸው ትኬት ለመቁረጥ ተሰልፈዋል። አልፌ ልገባ ስል አሰልጣኙ ጋሽ ደምመላሽ ክንዴን ያዙኝ።

«ወዴት ነው?»

«ጨዋታ ለማየት፣ ጋሼ።»

«ደጋፊ በዚህ አይገባም! ደጋፊ በመልበሻ ክፍል ነው የሚገባው። ቶሎ በል፣ ተሰላፊ ነህ!»

ሜዳ ስገባ ሣሩ አንድ ሰንጋ በሬ ይግጣል። በሬው «ኧረ ቀስ፣ ሻኛዬን ብቻ አትጨርሰው» ይለዋል። ወዲያው ፊሽካው ዳኛውን ነፋውና ዳኛው ጮኸ። ከዚያ እጅ ነስቶ፣ «ካጠፋሁ ቢጫ አሳዩኝ፣ አልቀየማችሁም» አለን። «ሕጉን ታውቁታላችሁ። የተሸነፈ ያድጋል።»

ማንንም አልገረመውም። እኔንም አልገረመኝም።

የእኛ በረኛ ቆሎ ሻጯ እትዬ ዘርፌ ነበሩ። የሰፌድ አምባ ሰዎች ኳስ ይዘው ሲመጡ ከጎሉ ወጥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ግቡ እንጂ! በር ላይ ምን ያቆማችኋል? በሞቴ ግቡ!»

«ኧረ በእመቤታችን፣ እናንተ ቅደሙ» አለ አጥቂያቸው።

«ምን ነካህ ልጄ፣ እንግዳ ሳይገባማ!»

«የለም፣ እኛ ገና አሁን ቁርሳችንን በልተን ነው የመጣነው።»

ኳሷን መልሶ ለእኛ ሰጠን። እኛም ይዘን ሄደን የእነሱ ጎል ደጃፍ ላይ ቆመን ተግደረደርን። ጨዋታው ሁሉ እንዲህ በመገባበዝ አለቀ፤ ዜሮ ለዜሮ።

ተጫዋቾቹ ደግሞ መቀመጫውን ሞልተው ሱፍ እየፈለፈሉ ይሰድቡናል። ከሁሉ የባሰው ዳምጠው ነው፤ ከተማው ሁሉ የሚምልበት አጥቂያችን።

«አውጡልን ይሄን ዱቄት! አንተ ቀጭኑ! መሸነፍ እንዲህ ነው? እንደዚህማ አክስቴም ትሸነፋለች!»

ወደ መለያ ምት ሄድን። አንዱ ኳሷን ወደ መናኸሪያው ላካት። ሌላው ኳሷን ትቶ የራሱን ጫማ መታ። አንድ የሰፌድ አምባ ሽማግሌ ግን ድንገት እግራቸው አዳልጧቸው አገቡ። የራሳቸው ሰዎች ከበው አለቀሱላቸው፤ «አይዞዎት አባባ፣ በሰው ላይ የሚደርስ ነው።»

አሁን የመጨረሻዋን ምት ከሳትን ተሸነፍን ማለት ነው። አደግን! ጋሽ ደምመላሽ እየሮጡ ወደ እኔ መጡ።

«ምንያምር! ከተወለድክ አግብተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም ጋሼ። ትምህርት ቤትም ኳስ አቀባይ ነበርኩ።»

«እሰይ! አንተን ነው የምፈልገው! የከተማው ተስፋ በአንተ ላይ ነው፣ ልጄ።»

እኔን ሰው ፈልጎኝ አያውቅም። ሁልጊዜ ከላይኛው ደረጃ ላይ ለብቻዬ ነው የምቀመጠው። አሁን ግን ስታዲየሙ በሙሉ ለእኔ ተነስቶ፣ «እንዳታገባ! እንዳታገባ!» እያለ ያጨበጭባል። ዳምጠው ሱፉን በትኖ ያለቅሳል። «እንዳታገባ የኔ ወንድም! በእናትህ!»

ጀርባዬን ለጎሉ ሰጥቼ ኳሷን ወደ ገበያው ለጋኋት። ጎሉ ይህን ሲያይ ቋሚዎቹን እንደ እግር አነሳ፤ መረቡን እንደ ቀሚስ ሰብስቦ «ጠብቂኝ! ጠብቂኝ!» እያለ ይከተላት ጀመር። እኔም ከኋላው። የድንች ተራውን አለፍን፣ የጫማ ተራውን አለፍን። ጎሉ ሊደርስባት አንድ እርምጃ ሲቀረው ባለኝ ድምፅ ሁሉ ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

አንድ ሰው ጎኔን ጎሸም አደረገኝ።

«አንተ ልጅ፣ ተነስ! ይሄ ይታለፋል? ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው!» እትዬ ዘርፌ ናቸው፤ የቆሎ ሰፌዳቸውን ታቅፈዋል።

ለካ ቦታ ልይዝ በማለዳ ስታዲየም ገብቼ፣ ፀሐዩ አዙሮኝ እዚያው ላይኛው ደረጃ ላይ አስተኝቶኛል። ጨዋታው ተጀምሮ አልቋል። መለያ ምቱም ወደ ማለቁ ነው። ዳምጠው፣ የእውነቱ ዳምጠው፣ ኳሷን አስቀምጦ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው። ይህችን ከሳተ ሰፌድ አምባ አደገ፣ እኛም ባለንበት ቀረን። ስታዲየሙ ትንፋሹን ውጦ ጸጥ ብሏል፤ ዝንብ ስትበር ይሰማል።

እኔ ግን አፌ ገና ከሕልሙ አልተመለሰም።

«እንዳታገባ!» ብዬ ጮህኩ።

ዳምጠው ሮጦ ሊመታ ሲል አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። ኳሷ በአግዳሚው ላይ አልፋ ከአጥሩ ማዶ ሄደች።

እትዬ ዘርፌ ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ከፊት ያለው ረድፍ ዞረ። ከዚያ ከሱ ፊት ያለው ዞረ። እኔ ገና ተነስቼ ሳልቆም የሰፌድ አምባ ደጋፊዎች አጥሩን ዘለው ደረሱ። «የእኛ ጀግና! የእኛ አንበሳ!» እያሉ ትከሻቸው ላይ አወጡኝና እየጨፈሩ ወደ አውቶቡሳቸው ወሰዱኝ። በሕይወቴ ሰው ተሸክሞኝ አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ከላይ ሆኜ ወደ ኋላ ዞር ስል የተወለድኩበት ከተማ በሙሉ፣ ጋሽ ደምመላሽ ከፊት ሆነው፣ እየተከተለን ነው። ሊሸኙኝ እንዳልሆነ ግን ከሩጫቸው ገባኝ።