ዘንጉ ይቆጠራል ወይ?

ሸክም ስንቆጥር ከየት እንደምንጀምር አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሥራ ስፈታ አስባለሁ፤ ሥራ የምፈታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው። በተለይ ጉም ከደባርቅ በኩል ወርዶ የጎንደርን ግንቦች ሲውጣቸው፣ ያ ሁሉ ድንጋይ ክብደቱን ጥሎ የሚንሳፈፍ ይመስለኝና ጓደኛዬ ደምለው ትዝ ይለኛል።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ከፒያሳ ጀርባ፣ እኛ ግቢ ውስጥ ብረት እናነሳ ነበር። ብረት ስላችሁ ከሱቅ የተገዛ እንዳይመስላችሁ፤ ጣልያን ጥሎት ከሄደ ማኪና የፈታነው ዘንግ ነው፣ በግራና በቀኙ ከዚያው ማኪና የወለቁ ክብ ብረቶች የሰካንበት። እኔ በሕልሜ አነሳው ነበር፤ እንደ ላባ ነው የሚቀለው። ደምለው ግን በቀን፣ በፀሐይ ያነሳዋል። «ሙሉ ኩንታል!» ይላል ደረቱን ነፍቶ።

ወሬው አያ ተሰማ ጆሮ ገባ። አያ ተሰማ ከድብ ባሕር ጎንደር በበቅሎ እህል የሚያመላልሱ ሲራራ ነጋዴ ናቸው፤ ደምለው ደግሞ ልጃቸውን ጥሩወርቅን ወዶ ከእንቅልፉ ጋር ተኳርፏል። ሽማግሌ ቢልክባቸው፣ «ኩንታል ያነሳል አሉ። እህል ተራ መጥቶ ሚዛኑ ፊት ያንሳና ልጄን ይውሰድ» አሉ።

ቅዳሜ ገበያው ሁሉ ከበበን። ደምለው ብረቱን ደረቱ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ከራሱ በላይ አወጣው። እልልታው ቀለጠ። ሲመዘን ክብ ብረቶቹ ሰማንያ ኪሎ፣ ዘንጉ ሃያ። ልክ ኩንታል!

«ምነው ልጄ፣ ዘንጉን ምን አመጣው?» አሉ አያ ተሰማ። «እኔ በቅሎ ስጭን የግራውን ከቀኙ ደምሬ ነው ጭነት የምለው። ኮርቻ ተቆጥሮ ያውቃል? ያነሳኸው ሰማንያ ነው።»

ገበያተኛው በቅሎና አህያ ሲጭን የኖረ ነውና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሌላ ሃያ ቢጨመርበት እንደማያነሳው ደምለውም እኔም እናውቃለን። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አሳዘነኝ።

ይኼኔ ጥሩወርቅ ከጆንያዎቹ ጀርባ ብቅ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ «አባዬ፣ ኮርቻው ይከብድ እንደሆነ በቅሎዋን ጠይቀዋት ያውቃሉ?» አለች።

አያ ተሰማ ዞረው በቅሎዋን አዩ፤ በቅሎዋም አየቻቸው። ጭነቷ ወርዶላት ኮርቻው ብቻ ቀርቶባታል፤ ከሥሩ የተላጠ ጀርባዋ ይታያል። ከዚያ ቀስ ብለው ማሰሪያውን ፈቱና ኮርቻውን አወረዱላት።

«ሸጋ» አሉ፤ «ዘንጉም ይቆጠር።»

በሠርጉ ቀን ጉሙ እስከ ደጃፍ ወርዶ ነበር። ደምለው ሙሽራዋን ከነካባዋ አቅፎ በቅሎዋ ላይ ሲያወጣት አያ ተሰማ፣ «ካባውም ይቆጠራል?» ብለው አሳቁን። እኛ ጨፈርን፤ ጥሩወርቅም በደስታ ሌላው ሁሉ ጠፍቶባታል። ያችው በቅሎ ሙሽራይቱን፣ ካባውንና ኮርቻውን ይዛ ወደ ጉሙ ገባች። ያን ቀን በቅሎዋን የጠየቃት አልነበረም።